ሠራተኛን ስለ ማክበር፤ ከአዋጅ እስከ ቡና ሲኒ

በባለሙያ እጅ የተሠራውን ዕቃ እየወደዱ ባለሙያውን መናቅ በብዙ አገር የነበረ ልማድ ነው፤ በእኛም አገር ረጅም ዘመን ኖሯል። ማረሻ ያለ ብረት ሠሪ አይሳልም፤ ጋቢ ያለ ሸማኔ አይለበስም፤ እንስራና ጀበና ያለ ሸክላ ሠሪ አይገኝም፤ ኮርቻም ያለ ቆዳ ፋቂ አይሰናዳም። እንዲህ ሲሆን ገበሬው ማረሻውን አስሎ፥ ዋጋውን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጆቹን ሰብስቦ «በዚያ ሰውዬ ደጅ ስታልፉ ምንም ነገር እንዳትበሉ፤ ዓይኑ ክፉ ነው» ይላቸው ነበር። በማረሻው ግን በማግሥቱ ያርስበታል።

እኔም ይህን ምክር ከሰሙት ልጆች አንዱ ነኝ። የተወለድሁት በሀብሩ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ውርጌሳን፥ መርሳንና ሲሪንቃን እየነካ በሚያልፍበት ወረዳ ማለት ነው። አድጌ፥ ተምሬ፥ መጀመሪያ በመርሳ፥ ኋላም በወልድያ በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው ሁሉ በሥራ ቦታው በእኩል ዓይን እንዲታይ የሚያዝዙ፥ ወይም ይህ እንዴት እንደሚደረግ ሊቃውንት መርምረው የጻፏቸው ብዙ ወረቀቶች በእጄ አልፈዋል። አብዛኞቹን አንብቤ፥ ተቀብያለሁ ብዬ ፈርሜ፥ በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ይኸው ነው፤ ትክክል መሆኑን ሁሉም የሚያምንበት ነገር ከወረቀት ወርዶ የዕለት ልማድ እስኪሆን ድረስ የሚሄደው መንገድ። ሥሩን ለማግኘት ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የወልድያ አካባቢ የየጁ አገር ነው። የየጁ ባላባቶች በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ላይ እንደራሴ ሆነው ኖረዋል፤ የመጨረሻውም ራስ ዓሊ አሉላ ነበሩ። እናታቸው እቴጌ መነን ከደጃች ካሣ ኃይሉ ጋራ፥ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ጋራ፥ በተዋጉ ጊዜ ከእቴጌይቱ ጦር አበጋዞች አንዱ ደጃች ወንድይራድ ካሣን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ብሎ ሰደባቸው ይባላል። የካሣ እናት ችግር ባገኛቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳድገዋል ስለሚባል ነው። ካሣም ድል ባደረጉ ጊዜ ምርኮኛውን ኮሶ አጠጡት ተብሎ ይነገራል። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ እየሳቀ ያወራዋል። እኔ ግን ነገሩን ባሰብሁት ቍጥር የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ኮሶ በዚያ ዘመን የታወቀ መድኃኒት ነበረ፤ ገበሬውም መኰንኑም በየጊዜው ይጠጣው ነበር። ጠጪው ሁሉ አገሬው ሆኖ ሳለ ሻጪቱ ብቻ መሰደቢያ ሆነች። ካሣም ተሳዳቢውን ቀጡት እንጂ ስድቡን ከአገር አላጠፉትም፤ እንዲያውም ኮሶውን መቅጫ ሲያደርጉት ስድቡን ያጸኑት ይመስለኛል።

ከነገሡ በኋላ በጋፋት የብረት ሥራ ማካሄጃ አቋቁመው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ አሠርተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት። ሥራውን የመሩት ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ንጉሡም አክብረው ይዘዋቸው ነበር። የአገሩ ብረት ሠሪ ግን በየመንደሩ በቀድሞ ስሙ ሲጠራ ቀረ።

በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ያወጡት አዋጅ ነገሩን በስሙ ጠርቶ የተናገረ ነው። መንፈሱ እንዲህ ነው፤ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚጽፈውን፥ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን፥ የሚያርሰውንና የሚነግደውን በሥራው እየለያችሁ አትስደቡ፤ ሰው ሁሉ የአንድ አዳም ልጅ ነው፤ የሌላው መንግሥት ሕዝብ የበረታው ሠራተኛውን ስላከበረ ነው፤ በእኛ አገር ግን ሰነፉ ብልሁን እየሰደበ ከሥራው አሸሸው፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቈጠራል፥ በእስራትም ይቀጣል የሚል ነው።

በዚህ አዋጅ ውስጥ ገበሬውና ደብተራው ከብረት ሠሪው ጋራ በአንድ ረድፍ መቈጠራቸው ታላቅ ብልሃት ነው። ተሳዳቢው ራሱም የሚሰደብበት ስም እንዳለው ያስታውሰዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ የያዘው ምላስን ነው። «ጠይብ» ያለ ሰው ምስክር ይቆጠርበታል፤ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ምንም ሳይናገር ዕቃውን የለየ፥ ልጁን የከለከለ፥ በለቅሶ ቤት ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግን በምን ይከሰሳል? አዋጁ ዝም ብሎ የሚናቀውን ንቀት የሚይዝበት እጅ አልነበረውም። ደግሞም ብረት ሠሪው ስድቡ ቢቀርለት እንኳ የሚያርሰው መሬት በብዙ ቦታ አልነበረውም። መሬት በሌለበት ዘመን መሬት የሌለው ሰው ክብሩ በሰው አፍ ላይ ያደረ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፥ በሌላው በኩል ብዙ የሚነቀፍበት ነገር ቢኖረውም፥ በእጁ ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት ይሰጠው በማለቱ ከምኒልክ አዋጅ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል። እንዲህም ሆኖ በእኛ ቀበሌ መሬት የደረሰው የብረት ሠሪ ቤተ ሰብ በደቦ ጊዜ ለብቻው ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ።

የወሎን ሰው በዚህ ጉዳይ ብቻ ብነቅፈው ግን ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ በሌላ በኩል ለዓለም ሊያስተምር የሚችል ልማድ አለውና። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይበላም። በሌላ አገር ይህ መለያያ ይሆን ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ሠርግ ያለበት ሰው ሁለት ያርዳል፤ ሁለት ድስት ይጥዳል፤ ጎረቤቱ ሙስሊም ከሆነ ሙስሊም አራጅና ሙስሊም ወጥ ሠሪ ጠርቶ ዕቃውን ለይቶ ያስረክባል። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድሙ መሐመድ እኅቱ ማርያም የሚባሉበት ቤተ ሰብ ሞልቷል። በመሥሪያ ቤታችንም ግብዣ በተደረገ ቍጥር ሁለት በግ ይገዛ ነበር፤ ጾም ከሆነ ሽሮው አይጠፋም። ይህን የሚያዝዝ መመሪያ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ አላየሁም። የሒሳብ ሹሙም «ለምን ሁለት ሆነ?» ብሎ የጠየቀበት ቀን የለም።

የመንግሥት ሕግ ከዚህ ልማድ ዘግይቶ ነው የደረሰው። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ የመንግሥት ሥራ የሚዘጋው ለክርስቲያን በዓላት ነበር፤ ሙስሊሙ የመንግሥት ሠራተኛ በኢድ ቀን ቢሮ ይገባ ወይም ፈቃድ ይለምን ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፥ ከእነርሱም ጋራ ደጋፊ የሆኑ ክርስቲያኖች ሰልፍ ወጥተው፥ በዓሎቻቸው በመንግሥት ዘንድ እንዲከበሩና በመንግሥት ሥራ እኩል ዕድል እንዲያገኙ ጠየቁ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፥ ዐረፋና መውሊድ የሥራ መዝጊያ በዓላት ሆኑ። እንግዲህ በሠርግ ቤት ከጥንት የታወቀው ነገር በቢሮ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ሕጎቹ ባጭሩ ልናገር፤ ሁሉንም ብዘረዝር አንባቢ ይሰለቻል። አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነው። በቅጥርና በሥራ ላይ የሚደረገውን አድልዎ የሚከለክለውን፥ በፈረንጆች 1958 ዓ.ም. የወጣውን ስምምነት ደግሞ በእኛ 1958 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ቍጥሩ አንድ ዓይነት ሆነ እንጂ በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። ከዚያ ወዲህ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት፥ አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸውን የሚደነግገው አዋጅ ቍጥር 568/2000፥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ተከታትለው ወጥተዋል። የኋለኛው ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ለእናት፥ ሦስት ቀንም ለአባት ዕረፍት ከሙሉ ደመወዝ ጋራ ይሰጣል። አዋጅ 568 ደግሞ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፥ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ተበደልሁ ያለ ቢከስም አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክም በአሠሪው ላይ ነው። ሕግ ጐደለን ብሎ የሚያማርር ሰው እነዚህን ያላነበበ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ስለ ሠራተኞች እኩልነት ሥልጠና ተብሎ ሦስት ቀን ተልኬ ነበር። ከሥልጠናው አንድ ቦርሳ፥ ሁለት ጥራዝ ወረቀትና አበል ይዤ ተመለስሁ። አበሉን ስለ ተቀበልሁ ሥልጠናውን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን በአራት ሰዓት ቡና ይፈላል። ቡናው የሚቀርብበት ረከቦት ላይ አሥራ አንድ ሲኒ አለ፤ ከእነርሱ አንዲቱ ጆሮዋ የተሸረፈ ነበረች። በመዝገብ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ነበረን፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፥ ተወዳድሮ የገባ፥ ጽሕፈቱ ያማረ፥ የጠፋ ፋይል ፈልጎ የማያጣ ልጅ ነው። አባቱ ብረት ሠሪ ነበሩ። ያቺ የተሸረፈች ሲኒ ሁልጊዜ ወደ እርሱ ትሄድ ነበር። ማንም ምንም አይናገርም፤ ስድብ የለም፤ የምኒልክም አዋጅ የአዲሱም ሕግ አልተጣሰም። ስድስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። አላየሁም ብል ውሸት ነው፤ አይቻለሁ። ግን ሲኒ ናት ብዬ ተውኋት።

ከሥልጠናው በተመለስሁ በጥቂት ቀን፥ የሒሳብ ሹም የነበሩት አንድ ሽማግሌ ሐጂ በቶናው ላይ እጃቸውን ዘርግተው ያቺን ሲኒ ከረከቦቱ አነሡ። የራሳቸውንም ወደ ልጁ ገፋ አድርገው «እንካ ልጄ፥ ይኸኛው ላንተ ይሁን፤ እኔ ሽርፏን እወዳታለሁ» አሉና ፉት አሉ። ሁሉም ዝም አለ። ልጁ ሲኒውን ሲያነሣ እጁ ተንቀጥቅጦ ቡናው ፈሰሰ። በረካው ሳይጠጣ ሰዉ ወደየቢሮው ተበተነ። ማታ ስንወጣ ሐጂ ጠጋ ብለው «ወረቀቱን ከደሴ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ የሠራተኛ ሹሙ አንተ ነህ፤ ሲኒዋን የማውቃት ግን እኔ ብቻ ነኝን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ከመርሳ ገበያ አንድ ዓይነት የሆኑ ሲኒዎች ገዝቼ አመጣሁ፤ የቀድሞዎቹን አሥራ አንዱንም አነሣሁ። ብልሃት አይደለም፤ ዕፍረት ነው። ሁለት ሰዎች ከቡናው ቀሩ። አንደኛው ወር ሳይሞላው ተመለሰ፤ ሁለተኛው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቡናውን በሻይ ቤት ጠጣ። ሐምሌ ሲገባ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ መሰየም ነበረብኝ። ቀርቶ የተመለሰውን ሰውዬ፥ የመዝገብ ቤቱን ልጅና አንድ ሌላ ሠራተኛ በአንድ ላይ መደብሁ። ቆጠራ ማለት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ፥ በመርሳ ሙቀት፥ ወንበርና ጠረጴዛ፥ ጎማና በርሜል እየገለበጡ ሦስት ቀን መዋል ነው። አንዱ ይጠራል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ ያስተያያል፤ ቢጐድል ሦስቱም ይጠየቃሉ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ስመጣ በአንድ ሳህን ሲበሉ አገኘኋቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ርቧቸው ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጥላቻና ስለ ንቀት የጻፈውን ሳነብ ያን የቆጠራ ቤት አስታወሰኝ። የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻውን ንቀትን አያጠፋም ይላል፤ በማዕረግ እኩል ሆነው፥ ለአንድ ዓላማ፥ ተባብረው ሲሠሩና አለቃውም ሲደግፋቸው ግን ንቀቱ ይቀንሳል። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ ደግሞ ከ800 በላይ የአሜሪካ ድርጅቶችን የሠላሳ ዓመት መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ ጻፉት፥ ሰውን በግድ ሰብስቦ ስለ እኩልነት ማሠልጠን ጥቂት ብቻ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጊዜም እልክ ያስገባል። የሚበጀው አለቃን ራሱን የሥራው ተካፋይ ማድረግ፥ አዲሱን ሠራተኛ የሚደግፍ አንጋፋ መመደብና ጉዳዩን የሚጠየቅበት ሰው መሰየም ነው። የእኔ ሦስት ቀን ሥልጠናና ሐጂ የጠየቁኝ ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉ ይመስለኛል።

ምርምር እንዴት ልማድ እንደሚሆን ለማየት ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትሄድ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የእኛን አገር ማሽላ አቀንጭራ የሚባል አረም ሥሩን እየመጠጠ ያደርቀዋል፤ በተለይ የደከመ መሬት ላይ ይበረታል። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ጎብዬና አብሽር የተባሉ የማሽላ ዘሮች ወጥተዋል፤ በዚህ ሥራ የታወቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ነገር ግን ዘሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያወቁት ሊቃውንቱ ራሳቸው ናቸው። ዘሩን ከማዳበሪያና ውኃን ከሚያቍር ቦይ ጋራ አንድ ላይ ለገበሬው አቀረቡት፤ ምርምሩንም በጣቢያው አጥር ውስጥ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ፈተኑት። ገበሬ ዘሩን አይቶ «አገዳው አጭር ነው፤ ለከብቴ ምን አበላለሁ?» ሊል ይችላል፤ ያም ቃል ለተመራማሪው ትምህርት ነው። የእኩልነት ሕግ በእኛ ቢሮዎች ሲዘራ ግን ማሳውን ማን አየው? ዘሩን ብቻ በፖስታ ላኩልን፤ እኛም ከነፖስታው አስቀመጥነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። አዋጅ 568 በደረሰን በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፥ ክፍት የሥራ ቦታ ነበረን። ማስታወቂያው ላይ አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ ብዬ በትልቅ ፊደል አስጽፌ በግድግዳ ላይ አስለጠፍሁት። የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ዐይነ ስውር የሕግ ምሩቅ በእኅቱ ተመርቶ መጣ። ስለ ቦታው የሰማው ያን ዕለት ጧት ነበር። ማስታወቂያውን ማን ያንብብለት? ቀድሞ በእኛ አገር ነጋሪት ተጐስሞ፥ አዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ዐይነ ስውሩም፥ ፊደል ያልቈጠረውም እኩል ይሰማ ነበር። እኛ ሠለጠንን ብለን ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ የሕጉን ባለቤት ራሱን ከሕጉ አወጣነው። ምዝገባውን እንደ ገና ለመክፈት አለቃዬን ጠይቄ አልተፈቀደልኝም፤ እኔም አጥብቄ አልተከራከርሁም። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያ ባወጣሁ ቍጥር በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ጭምር አስነግር ነበር፤ ለዚያ ልጅ ግን አልደረሰለትም።

የዚህ ልጅ ነገር በተነሣ ቍጥር ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤን አስባለሁ። በ1974 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ፥ በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዐይኗን አጣች። ዐይኗ በመጥፋቱ ያለ ዕድሜ ከመዳር እንደ ዳነችና የትምህርት ዕድል እንዳገኘች ራሷ ትናገራለች። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት፥ ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፤ አካል ጉዳተኞች ሥራና ትምህርት እንዲያገኙ የሚደክም ማዕከል ከባልንጀሮቿ ጋራ አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የታወቀ ሽልማት ተቀበለች። ስለ እርሷ ሲወራ ሰው ሁሉ ያደንቃል። ያቺው ሴት ዝናዋ ሳይወጣ እኛ ቢሮ ለሥራ ብትመጣ ኖሮ የምታገኘው የእኔን ግድግዳ ነበር።

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ከቈዩ በኋላ ነገሩ የጥቂት ሰዎች መሆኑ ቀርቷል። በክራንች የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ይታያል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ለጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ሄጄ፥ ገንዘብ ከፋዩ ፎቅ ላይ ሆኖ እግሩን ያጣ ወጣት ደረጃው ሥር ተቀምጦ ሰው ሲልክ አየሁ። ገንዘብ ከፋዩን ከታች፥ አለቃውን ከላይ ማድረግ ስንት ብር ይፈጃል? አለቃው ደረጃ ቢወጣ ጤና ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልመልስህ፤ ያልነገርሁህ ነገር አለና። አዲሶቹን ሲኒዎች ካመጣሁ በኋላ አጣጠቡ በተራ ይሁን ብዬ ስም ዝርዝር አወጣሁ፤ የራሴንም ስም ጻፍሁ። ተራዬ በደረሰ ቀን ሲኒዎቹን ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ፥ ውስጥ የጀመርነው የሥራ ወሬ ያለ እኔ ቀጠለ። ስመለስ አንድ ነገር ተወስኗል። የትኛው ሠራተኛ ወደ ባሕር ዳር ለትምህርት ይላክ የሚል ነበር። ያን ጊዜ ነው ዐይኔ የተገለጠው። ቡናውን ሁልጊዜ የምታፈላው፥ ሲኒውን የምታጥበው ጸሐፊያችን ነበረች፤ በጽሕፈት ሙያ የተቀጠረች፥ በማታ ትምህርት ዲፕሎማ ያገኘች ሴት ናት። ቡና አፍዪ ብሎ ያዘዛት ሰው የለም፤ በሥራ ዝርዝሯም ላይ አልተጻፈም። በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ ትልቁ ነገር የሚወሰነው በስብሰባ አዳራሽ አይደለም፤ በአቦልና በቶና መካከል ነው። እርሷ ከሰል ስታራግብ እኛ ዕድገት እናድል ነበር። የብረት ሠሪውን ልጅ ሲኒ ለማየት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ ሲኒውን የምትቀዳውን ሴት ለማየት ግን እጄ በእንዶድ ሳይሆን በሲኒ ውኃ እስኪርስ ድረስ ቈየሁ።

በሚቀጥለው ዕድገት ጊዜ ስሟን ላቀርብ ወሰንሁ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቷ ወደ ቆቦ ተዛውሮ እርሷም ዝውውር ጠየቀች። መልቀቂያዋን ለመጻፍ የግል ማኅደሯን ከመዝገብ ቤት አስመጣሁ፤ ያመጣልኝም ያ ልጅ ነው። በውስጡ ሦስት የዕድገት ማመልከቻዎች ነበሩ። በሦስቱም ኅዳግ ላይ «በሥራ አመራር ጉዳይ ተሳትፎ ስለሌላት ለጊዜው አይቻልም» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩም ፊርማዬ አለ።